ከመሬት እስኪወጡ ድረስ

የእኔ ሥራ አፈር ማየት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቤዝመንት ያለው ሕንጻ ሲታሰብ ማሽን አስገብቼ መሬቱን አስበሳለሁ፤ የወጣውን ናሙና ቤተ ሙከራ አስገባለሁ፤ ቁፋሮው ሲጀመር ደግሞ ከአማካሪው ወገን ሆኜ ጉድጓዱን እከታተላለሁ። ሌላው ሰው በቆርቆሮ አጥሩ ላይ የተለጠፈውን ባለ መስታወት ሕንጻ ሥዕል ሲያይ፣ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ ጉድጓዱን ነው የማየው።

ብዙ ጊዜ የማየው ነገር ያሳዝነኛል። ውሃ ያቆረ፣ ጠርዙ የተናደ፣ ሣር የበቀለበት ጉድጓድ። ሥዕሉ በፀሐይ ደብዝዟል፤ «በቅርቡ ይጠናቀቃል» የሚለው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። የሰፈሩ ሰው «ባለቤቱ ገንዘብ አልቆበት ነው» ይላል። አልተሳሳተም። ብሩ ግን ያለቀው አንድም ኮለን ሳይቆም፣ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ነው።

ለዓመታት በየስብሰባው ስናገር የኖርኩትን እዚህም ልድገመው። ጥልቅ ጉድጓድ ራሱን የቻለ ግንባታ ነው። የራሱ ንድፍ፣ የራሱ ሒሳብ፣ የራሱ ወቅት ያስፈልገዋል። እኛ ጋ ግን ግንባታው ከመጀመሩ በፊት በማሽን ቶሎ ተጠርጎ የሚያልፍ ሥራ ተደርጎ ይታያል። የሚዘገየውም፣ ከበጀት በላይ የሚያስወጣውም በዋናነት በዚህ አመለካከት የተነሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ቦታ ልንገራችሁ። ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ከዚያ በላይ ባልገልጸው ይሻላል። ስፋቱ 1,000 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ሦስት ቤዝመንት፣ የቁፋሮው ጥልቀት 11 ሜትር። ባለቤቱ ሱቅ ከመጠበቅ ተነስተው እዚህ የደረሱ፣ በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ናቸው። ከሁሉ በፊት የመጡት እኔ ዘንድ ነበር። ቦታው ላይ አምስት ቦርሆል፣ ማለትም የምርመራ ቀዳዳ፣ መሰርሰር እንዳለበት፣ ጥልቀታቸውም ከጉድጓዱ ወለል በታች መውረድ እንዳለበት ነግሬ ዋጋ ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ አፈር ለማየት ይሄን ሁሉ ብር? መቆፈራችን አይቀር፤ ሲቆፈር እናየው የለ እንዴ!» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ የሚያዩት ማሽኑ በሰዓት እየቆጠረብዎ ነው» አልኳቸው።

«እስቲ ልምከርበት» ብለው ሄዱ። ሁለት ቦርሆል በግማሽ ዋጋ የሚሠራላቸው ሌላ ሰው አገኙ። ሁለቱም የተሰረሰሩት በቦታው ማዕዘኖች ላይ፣ 10 ሜትር ጥልቀት ድረስ ነው። የሚቆፈረው 11 ሜትር መሆኑን ልብ በሉ።

ይህ ምርመራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ፣ በዘንግ ጫፍ ያለን ቱቦ ወደ አፈሩ ይቀጠቅጣል። መጀመሪያ የሚገባው 15 ሳንቲ ሜትር አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ ያለውን 30 ሳንቲ ሜትር ለመግባት ስንት ምት እንደፈጀ ይመዘገባል። አራት ምት ከበቃው አፈሩ ልል ነው። ሠላሳ ከፈጀ ጠጣር ነው። ሃምሳ ተመትቶም አልገባ ካለ ወደ ድንጋይ መሰርሰሪያው እንቀይራለን። የሚወጣው ድንጋይ እንደ ዱላ ድቡልቡል ሆኖ ይመጣል፤ በእንጨት ሳጥን ውስጥ በየሜትሩ ተደርድሮ ጥልቀቱ በማርከር ይጻፍበታል። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ያን ሳጥን ከፍቼ ማንበብ ነው። ከላይ ቀይ አፈር አለ፤ ቀጥሎ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ቢጫና ግራጫ የበሰበሰ ድንጋይ፤ ቀጥሎ እጅ ላይ የሚከብድ ጥቁር ባዛልት። ከመሀል አንድ ክፍት ቦታ ይኖራል፤ መሰርሰሪያው አልፎበት ናሙና ያልወጣበት። ልምድ የሌለው ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። እዚያ ቦታ ላይ ግን ውሃው ያጠበው ለስላሳ ንብርብር ወይም የተሰባበረ ድንጋይ ሊኖር ይችላል፤ ጉድጓዱ እዚያ ሲደርስ የሚንሸራተተውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

አዲስ አበባ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በተለያየ ዘመን የፈሰሰ ላቫ እላዩ ላይ ተደራርቦ፣ በአንዱና በሌላው መካከል የበሰበሰ ንብርብር ይዞ ቀርቷል። ከእንጦጦ የሚወርዱት ጅረቶች ደግሞ ሸለቆና ቦይ ቆርጠውበታል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በአፈርና በጥራጊ ተሞልተው ዛሬ ቤት ቆሞባቸዋል። ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂና ቃሊቲ ሲወረድ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጠው፣ በበጋ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ይመጣል። ስለዚህ በዚህች ከተማ 20 ሜትር የተራራቁ ሁለት ነጥቦች ፈጽሞ የማይመሳሰል መሬት ሊኖራቸው ይችላል።

የጋሼ ቦታም እንዲያ ነበር። ሁለቱ ቦርሆሎች ስለ ሁለቱ ማዕዘኖች እውነቱን ተናግረዋል። ቁፋሮው ሲጀመር ግን መሀሉ ላይ፣ አምስት ሜትር እንኳ ሳይወረድ፣ ጠንካራ ባዛልት ተገኘ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የድሮ ቦይ ወጣ፤ ጥራጊ፣ አመድ፣ ጨርቅና የተሰባበረ ሸክላ የተሞላ፣ ከሥሩ የፍሳሽ ውሃ የሚያመነጭ። ከጎረቤት አጥር ሥር የሚያልፈውም እሱ ነው።

አሁን ብሩ እንዴት እንደሚወጣ እንይ።

በጨረታው የሥራ ዝርዝር፣ እኛ ቢኦኪው በምንለው ሰነድ ላይ፣ የአፈር ቁፋሮና የጠንካራ ድንጋይ ቁፋሮ ለየብቻ ዋጋ ይሞላባቸዋል። የድንጋዩ መጠን በሁለቱ ቦርሆሎች ተመርኩዞ 150 ሜትር ኪዩብ ተብሎ ነበር። አሸናፊው ተቋራጭ ለአፈሩ ከሁሉም ያነሰ ዋጋ ሰጠ፤ ለድንጋዩ ግን ከአፈሩ አሥር እጥፍ የሚበልጥ። መጠኑ ትንሽ ስለነበር ጠቅላላ ድምሩን ከፍ አላደረገውም፤ ሁሉም ሰው ድምሩን ብቻ ነው ያየው። ተቋራጩ ቀድሞ ምን እንዳደረገ በኋላ ሰማሁ። በዚያው ሰፈር ሌላ ሰው ያስቆፈረውን ጉድጓድ ሄዶ አይቷል። ድንጋዩ ሲለካ ከ2,000 ሜትር ኪዩብ በላይ ሆነ። ሕግ አልጣሰም። ባለቤቱ ሊያውቁት ይገባ የነበረውን ነገር እሱ ቀድሞ አወቀው፤ ልዩነቱን የከፈሉት እሳቸው ናቸው።

ከተማ ውስጥ፣ ቤት በተጠጋጋበት ሰፈር፣ በድማሚት ማፈንዳት አይታሰብም። ድንጋዩ የሚሰበረው በኤክስካቫተር ክንድ ላይ በሚገጠም ብሬከር፣ ቀስ በቀስ ነው። የጎረቤት ልጆች እንቅልፍ አጡ፤ በአቅራቢያ ያለው ክሊኒክ አቤቱታ አቀረበ፤ ብሬከሩ የሚሠራበት ሰዓት ተቀነሰ። በየጠዋቱ ደግሞ የተቋራጩ ሰርቬየር፣ የአማካሪው ተወካይና የባለቤቱ የእህት ልጅ ሜትር ይዘው ጉድጓዱ ውስጥ ይቆማሉ። «ይሄ ድንጋይ ነው።» «አይ፣ የበሰበሰ ድንጋይ ነው፤ በአካፋው ይነሳል።» ውሉ ድንጋይ ማለት ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ማሽን ሞክሮ አልነሳ ያለው ድንጋይ እንደሚባል አልጻፈም። የዚያ ዓረፍተ ነገር አለመኖር ሳምንታት በላ።

አፈሩን ስለሚያነሱት ገልባጭ መኪናዎችም ላንሳ፤ ይህን ሒሳብ ቀድሞ የሚሠራ ባለቤት ብዙ አላገኘሁም። 1,000 ካሬ ሜትር በ11 ሜትር ሲባዛ 11,000 ሜትር ኪዩብ ነው። አፈር ግን ሲቆፈር ይነፋል፤ ቀዩ አፈር ሲሶ ያህል፣ የተሰበረ ድንጋይ ደግሞ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ሁሉንም አፈር ብናደርገው እንኳ የሚጫነው ከ14,000 ሜትር ኪዩብ በላይ ይሆናል። 16 ሜትር ኪዩብ በሚጭን ሲኖትራክ ወደ 900 ምልልስ ማለት ነው። ከባድ መኪና ቀን በዋና ዋና መንገዶች እንዳይንቀሳቀስ ስለሚከለከል ሥራው የሌሊት ነው። አሥር መኪና በሌሊት ሦስት ሦስት ጊዜ ቢመላለስ አንድ ወር ይፈጃል፤ ያውም የመድፊያው ቦታ ካልተዘጋ፣ ነዳጅ ካልጠፋ፣ መንገዱ ካልጨቀየ። የጋሼ ቦታ መድፊያ ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ ሁለተኛው ከከተማው ዳር ስለነበር ሦስት ምልልስ የነበረው አንድ ሆነ። ኤክስካቫተሩ ደግሞ ቢሠራም ባይሠራም በወር የተወሰነ ሰዓት ይከፈልበታል።

ቁፋሮው የተጀመረው በሚያዝያ ነው፤ በሦስት ወር ያልቃል ተብሎ። ድንጋዩ ባይኖር እንኳ ሦስት ወር ሐምሌ ውስጥ ይከታል። ያን መርሐ ግብር ያጸደቀው ሰው ካሌንደር አላየም፤ ወይም አይቶ ዝም ብሏል።

ስለ ቀይ አፈር ጠባይ ሰው ሁሉ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። በበጋ ቀጥ አድርገው ቢቆርጡት እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ስድስት ሰባት ሜትር ሆኖ ወራት ይቆያል። ይህን ያየ ሰው «አፈሩ ጠንካራ ነው፣ መደገፊያ አያስፈልገውም» ይላል። ግን ከጠርዙ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከላይ፣ የክር ያህል ስንጥቅ ይፈጠራል። የሰኔ ዝናብ ሲመጣ ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ይሞላል፤ ውሃው ግድግዳውን ከኋላው ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚወርደው።

ጥልቀት ሲጨምር ግፊቱ እንዴት እንደሚያድግም መታወቅ አለበት። 6 ሜትር የነበረውን ጉድጓድ 12 ሜትር ብናደርገው፣ አፈሩ በግድግዳው ላይ የሚያሳርፈው ጠቅላላ ግፊት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ከግድግዳው ኋላ ውሃ ካለ ደግሞ በ10 ሜትር ጥልቀት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ቶን ብቻውን ይጨምራል። «ሁለት ካልን ሦስተኛውንም ቤዝመንት እንጨምረው» የሚል ባለቤት፣ ሦስተኛው ከሁለቱ አንዱን ያህል ብቻ የሚያስወጣ ይመስለዋል። አይደለም። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ በፓይል፣ በብረት ድጋፍ ወይም ወደ ጎረቤት መሬት በሚገባ አንከር ካልታሰረ የማይቆም ጉድጓድ ነው፤ አንከሩ ደግሞ የጎረቤትን ፈቃድ ይጠይቃል።

የጋሼ ውል ውስጥ ስለዚህ ሁሉ የነበረው አንድ መስመር ነው። ተቋራጩ አጎራባች ንብረትን በራሱ ወጪ ይጠብቃል ይላል። ንድፍ የለውም፣ መጠን የለውም፣ ዋጋ የለውም። ይህችን መስመር በብዙ ውል ላይ አይቻታለሁ። ባለቤት ራሱን የጠበቀባት ይመስለዋል፤ ተቋራጭ ደግሞ አንድ ብር አይመድብላትም፤ ምክንያቱም ቢመድብ በጨረታው ይሸነፋል። የሁሉም መዘግየት እናት እሷ ናት ብል አላጋነንኩም።

በሰኔ መጨረሻ ምሥራቁ ጎን ወረደ። ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም። እኔ የተጠራሁት ያን ጊዜ ነው። ከጉድጓዱ ጫፍ ጥቂት ሜትር ርቆ አንድ የጭቃ ቤት አለ፤ ባለቤቷ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። በመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ ነበር። በስንጥቁ ላይ አግድም ጄሶ ለጥፌ ቀን ጻፍኩበት።

«ልጄ፣ ይሄ ነጭ ነገር ምን ያደርግልኛል?»

«እማማ፣ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጄሶው ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ወዲያው ይደውሉልኝ።»

«ሌሊት ከሆነስ? ተኝቼ ከሆነስ?»

ለዚህ ጥያቄ መሐንዲስ የሚሰጠው ጥሩ መልስ የለም። ልጃቸው ጋ ሄደው እንዲከርሙ ለመንኳቸው፤ የልጃቸው ቤት ጠባብ መሆኑን ነገሩኝ። ጋሼን አስጨንቄ ለሁለት ወር ኪራይ አስከፈልኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጄሶው ለሁለት ተከፈለ፤ ስንጥቁም በመሀሉ እርሳስ ያስገባ ነበር።

ወረዳው ሥራውን አስቆመ። የእማማ ልጆች ፍርድ ቤት ሄደው እግድ አወጡ። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። ግን እግዱ የቆፋሪውን ማሽን ነው ያቆመው፤ አፈሩን አላቆመውም። ክፍት ጉድጓድ ላይ የሚደርሰው የከፋ ነገር መጠበቅ ነው፤ ውሃ ይገባል፣ ሥሩ ይለሰልሳል፣ ጠርዙ በየዝናቡ ወደ ቤቶቹ ይጠጋል። ቁፋሮ ይቁም፣ የመከላከያ ሥራ ግን ይቀጥል የሚል ትእዛዝ ለማግኘት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ተመላለስን። በዚያ ጊዜ ውስጥ አደጋ ላይ የነበረው የጎረቤት አጥር ወድቋል። ዳኞች እግድ ሲሰጡ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ የብዙ ጎረቤት ቤት ይተርፋል።

በኋላ በምሥራቅ በኩል ፓይል ተተከለ፤ መጀመሪያ ቢታሰብበት ኖሮ ከሚያስወጣው በብዙ ይበልጣል፤ ምክንያቱም መሰርሰሪያ ማሽኑ የሚቆምበት መሬት ስለተናደ ቀድሞ መሞላት ነበረበት። ብረቱ የተገዛው ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ነው። በዚያን ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዘገየ ሰው ሁሉ በአዲሱ ዋጋ ገዛ። ሦስት ወር የተባለው ቁፋሮ ከዓመት ተኩል በላይ ፈጀ።

ይህ የእኛ ድህነት ብቻ ያመጣው እንዳይመስላችሁ። ብር ያላቸውም፣ ዘመናዊ መሣሪያ የሞላቸውም ወድቀውበታል። የሥራ ባልደረቦቼን ሳስተምር ሁልጊዜ የማነሳው የሲንጋፖርን ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሚያዝያ 20 ቀን፣ ሲንጋፖር ውስጥ ኒኮል ሃይዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና አጠገብ ለምድር ባቡር የሚቆፈር ጉድጓድ ተደረመሰ። ጥልቀቱ 30 ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። ሁለቱን የኮንክሪት ግድግዳዎች የሚደግፉት አግዳሚ ብረቶች ዘጠኝ ረድፍ ተገጥመው፣ ለአሥረኛው እየተቆፈረ ነበር። አፈሩ ለስላሳ የባሕር ሸክላ ነው። ግድግዳው ከተገመተው በላይ ሲገፋ ቆይቷል፤ መሣሪያዎቹም ይህን መዝግበዋል። ከሁሉ የሚያመኝ የሚቀጥለው ነው። ልኬቱ ከተፈቀደው ገደብ ሲያልፍ ሥራው ቆሞ ንድፉ ከመሠረቱ በመመርመር ፈንታ፣ ሒሳቡ እንደገና ተሠርቶ ገደቡ ከፍ ተደረገ። ከአንድ ጊዜም በላይ። የብረቶቹ መጋጠሚያ ደግሞ ከመጀመሪያው አቅሙ አናሳ ነበር፤ የመንግሥት መርማሪ ኮሚቴ በ2005 ሁለቱንም በዝርዝር አሳይቷል። በዚያ በሚያዝያ 20 ከሰዓት በኋላ መጋጠሚያዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ፤ አውራ ጎዳናው ወደ ጉድጓዱ ወረደ። አራት ሰዎች ሞቱ። አንዱ ሠራተኞቹን ወደ ላይ ያስወጣ ፎርማን ነው፤ አስከሬኑ አልተገኘም። ጣቢያው ቦታ ተቀይሮለት፣ መስመሩም እንደገና ተነድፎ የተከፈተው በ2010 ነው።

ገደቡን ከፍ ያደረጉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም ብዬ አስባለሁ። መርሐ ግብር ነበረባቸው። በእያንዳንዱ የዘገየ ጉድጓድ ውስጥ ያ ፈተና አለ፤ ባለቤቱ እየደወለ፣ ባንኩ ወለድ እየቆጠረ፣ ስንጥቁ ላይ ያለው ጄሶ ሲከፈል «ሌላ ጄሶ ለጥፍበት» የሚል ድምፅ ከአንድ ቦታ መምጣቱ አይቀርም።

ጀርመን ኮሎኝ ውስጥ መጋቢት 3 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. የከተማዋ የታሪክ መዛግብት ቤት ከአጠገቡ ለምድር ባቡር ወደተቆፈረ ጉድጓድ ተደረመሰ። በአጎራባች ቤት የነበሩ ሁለት ወጣቶች ሞቱ፤ የመካከለኛው ዘመን ብራናዎች ሳይቀሩ በጭቃና በፍርስራሽ ተቀበሩ። ፍርድ ቤቱ ያረጋገጠው ምክንያት ለእኔ ሙያ ሰው የሚያስደነግጥ ነው፤ የመሬት ውስጥ ግድግዳው ሲቆፈር ማሽኑ ትልቅ ድንጋይ አጋጠመው፣ ቦታው በሚገባ ሳይጸዳ ኮንክሪት ተሞላ፣ በግድግዳው ውስጥ የአፈር ቋጠሮ ቀረ። ዓመታት ቆይቶ ውሃና አሸዋ በዚያ በኩል ገባ። ጉዳቱ ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነው። አምስተርዳምም የሰሜን ደቡብ ሜትሮዋን በ2011 ልትከፍት አስባ የከፈተችው በ2018 ነው፤ በ2008 በፋይዘልክራክት ጣቢያ የጉድጓዱ ግድግዳ አፍስሶ አጠገቡ ያሉ ጥንታዊ ቤቶች ሰመጡ፤ ወጪው ከ1.5 ቢሊዮን ዩሮ በታች ከነበረው ግምት ከ3 ቢሊዮን በላይ ደረሰ።

ዴንማርካዊው ተመራማሪ ቤንት ፍሉቢያ ከባልደረቦቹ ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በ20 አገሮች የተሠሩ 258 የትራንስፖርት ፕሮጀክቶችን መርምሮ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ከግምታቸው በላይ እንዳስወጡ አሳይቷል። ድምዳሜውም መራራ ነው። ስሕተት ቢሆን ኖሮ ግምቱ አንዳንዴም ከወጪው ይበልጥ ነበር፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ግምት ሥራው እንዲፈቀድ ሆን ተብሎ የተቀነሰ ነው ይላል። የእኛን ሁለት ቦርሆል ሳስብ ይህ ትዝ ይለኛል። ባለቤቱም፣ ነዳፊውም፣ ተጫራቹም ሁሉም ትንሹን ቁጥር መስማት ነው የሚፈልጉት።

መፍትሔው ከባድ ቴክኖሎጂ አይደለም። በዓለም አቀፍ ደረጃ የምንጠቀምበት የፊዲክ ውል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ቀይ መጽሐፍ አንቀጽ 4.12፣ ልምድ ያለው ተቋራጭ አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለው የመሬት ሁኔታ ሲያጋጥም ጊዜና ወጪ እንዲካስ ይፈቅዳል፤ በ28 ቀን ውስጥ ካላሳወቀ ግን መብቱን ያጣል። የግል ባለሀብቶች ይህን አንቀጽ ሰርዘው አደጋውን በሙሉ ተቋራጩ ላይ ሲጭኑ አይቻለሁ። የከሠረ ተቋራጭ ግን ጉድጓዱን ጥሎ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ክፍቱ ጉድጓድ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። አደጋውን በወረቀት ከመጣል ይልቅ ምርመራው ላይ ብር አውጥቶ ማሳነስ፣ ለመደገፊያው ሥራ ንድፍ ማሠራት፣ በቢኦኪው ላይ ራሱን የቻለ መደብ ሰጥቶ ሁሉም ተጫራች በአንድ ዓይነት ንድፍ ላይ ዋጋ እንዲሞላ ማድረግ ይሻላል። ቁፋሮ በመስከረም መጨረሻ ይጀመር፤ ቤዝመንቱ ከግንቦት በፊት ጣሪያው ይሞላ። ይህ በወቅቱ የማይደረስበት ከሆነ፣ ፈቃዱ እጅ ላይ ቢሆንም፣ እስከሚቀጥለው መስከረም መጠበቅ ከመቆፈር ይረክሳል። ይህን ምክሬን ሰምተው የጠበቁ አሉ፤ ገንዘባቸውን ባንክ አስቀምጠው ከርመው ከቸኮሉት ቀድመው ከመሬት ወጥተዋል።

ጎረቤታችሁ ሊቆፍር ከሆነ ደግሞ ከማሽኑ በፊት እናንተ ሥሩ። የቤታችሁን ግድግዳ፣ በተለይ የመስኮትና የበር ጥጎችን፣ ቀን በሚያሳይ ፎቶ አንሱ። የመደገፊያውን ንድፍ አሳዩኝ በሉ። የለም ካሏችሁ ማሽኑ ሳይገባ ወደ ወረዳው ሂዱ።

ስለ ብርና ስለ ጊዜ ብዙ አወራሁ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚወርዱት ልጆች ግን አልተናገርኩም። ማሽን የመጨረሻውን ግማሽ ሜትር አይቆፍርም፤ የመሠረቱን ጥግ በዶማና በአካፋ የሚያስተካክሉት ከገጠር የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው። የሚቆሙት ከግድግዳው ሥር ነው። አንድ ሜትር ኪዩብ አፈር ወደ 1.8 ቶን ይመዝናል፤ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆንም መተንፈስ ያቅተዋል። በየክረምቱ ከዚህች ከተማ ጉድጓዶች አስከሬን ይወጣል። መርሐ ግብሩ ሲዘገይ ደግሞ የሚጨመረው የእነዚህ ልጆች ቁጥር ነው፤ ማሽኑ ያልደረሰበትን በሰው ብዛት ለማካካስ።

የጋሼ ጉድጓድ ላይ ሥራው እንደገና ሲጀመር አንድ ነገር ብቻ በጽሑፍ አስፈረምኩ። ሌሊት ከዘነበ፣ ጠዋት መሐንዲሱ ጠርዙን ዙሪያውን ሄዶ ስንጥቆቹን ሳያይና በመዝገቡ ላይ ሳይፈርም፣ ማንም መሰላሉን አይወርድም። ፎርማኑ በመጀመሪያው ሳምንት አጉረመረመ፤ ግማሽ ጠዋት ይበላል አለ። አዎ፣ ይበላል። ያን ግማሽ ጠዋት በመርሐ ግብሩ ላይ ራሱ አስገባው።